ወታደር የተከለከለበት ጨዋታ

ወንድሜ በሚመራው ጨዋታ ውስጥ ማንም ሰው ወታደር መሆን አይችልም ነበር። በሌላ በሌላው ሁሉ ይከራከሩታል፤ በዚህ ግን ክርክር የለም።

ጨዋታውን ወደ ነጌሌ ያመጣው አንድ ፈረንጅ ነው። በድርቁ ጊዜ በየቆላው የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ፣ አባቴ ድሬሰር ሆኖ በሚሠራበት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር። ወንድሜ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለነበር አብሮት እየዞረ ይተረጉምለታል። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ብርድ ልብሱን ለዘበኛው፣ ብረት ድስቱን ለእናቴ፣ ጨዋታውን ደግሞ ለወንድሜ ትቶ ሄደ። ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍና ብዙ ጎን ያላቸው፣ በየጎናቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ናቸው።

አጨዋወቱ አይከብድም። ጠረጴዛ ከብበን እንቀመጣለን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን የየራሳችንን ሰው ፈጥረን ያንን ሰው እንሆናለን። መሪው «ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። «እዘለዋለሁ» ያለ ጠጠር ይወረውራል፤ ቁጥሩ ከበዛለት ይሻገራል፣ ካነሰበት ይወድቃል። መጽሐፉ የሚፈቅደው የሰው ዓይነት ለጉድ ነው፦ ጦረኛው፣ አስማተኛው፣ ሌባው፣ ፈዋሹ፣ ጆሮው የሾለ የጫካ ሰው።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ገና የወተት ጥርሷ ያላለቀው ታናሽ እህቴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአሬሮ መጥቶ እኛ ቤት እየኖረ የሚማር የቦረና ልጅ። አባቱ ከብት አርቢ ነው፤ አባቴ አንድ ጊዜ እግሩን ካዳነው ጀምሮ ወዳጆች ነበሩ። ልጁ ከወንድሜ ትንሽ ያንሳል፤ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል።

መከልከል የጀመረው ግን ወንድሜ አልነበረም፤ አባቴ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ እህቴ እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ «ደገምኩበት፣ ተቃጠለ!» ስትል ሰማት። ያኔ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጸልይበት ዘመን ነው፤ አባቴም በእምነቱ ምክንያት ታስሮ ወጥቷል። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቆመና፣

«በዚህ ቤት ድግምተኛ አይገባም። በጨዋታም ቢሆን» አለ።

ወንድሜ «እሺ፣ አባዬ» ብሎ አስማተኞቹን አስወጣ። እኔ ጨዋታው በዚያው የሚበላሽ መስሎኝ አኩርፌ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ሲቀመጥ ሌላም ጨመረበት።

«እንግዲያው እኔ ጦረኛ ነኝ» አለ የአሬሮው ልጅ፣ ጠጠሮቹን በመዳፉ እያንኳኳ።

«ጦረኛም የለም።»

«ለምን? አስማተኛውን አባትህ ከለከሉ። ጦረኛውን ማን ከለከለ?»

«እኔ።»

«አቦ! ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታ ስለሆነማ ነው» አለ ወንድሜ። «ውጭ መከልከል አልችልም። እዚህ ግን እችላለሁ።»

ውጭ ያለውን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ጎረምሳ ሁሉ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ሰሜን ይላካል። የጎረቤታችን ልጅ ሄዶ በክራንች ተመልሷል፤ ከአንድ ቤት ሁለት ሄደው አንዱም ያልተመለሰበትም ነበር።

የአሬሮው ልጅ ፊቱን አዞረ። ወንድሜ «በናንተ አገር በጣም የሚከበረው ምን የሚሠራ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ መጀመሪያ ሊመልስለት አልፈለገም። ኋላ ግን ስለ ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ ማውራት ጀመረ። ወንዶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚያወጡት፤ ከሁሉም በታች የሚቆመው ሰው ከእግሩ ስር ጨለማ፣ ከራሱ በላይ ደግሞ የከብቱ ሁሉ ጥማት እንዳለበት ነገረን።

«እሱን ሁን» አለው ወንድሜ።

ሆነ። የመጽሐፉ ዋሻ ሁሉ ጉድጓድ ሆነ፤ ከዋሻው ስር የሚተኛው ዘንዶ ውኃ የሚከለክል ፍጡር ሆነ። እኔ መንገድ የምታውቅ ነጋዴ ሆንኩ፤ እህቴ የታመመ ከብት የምታድን ሐኪም። ማንንም ሳንገድል ማሸነፍ ነበረብንና እንደ ልባችን አንሮጥም፤ እናስባለን፣ እንመክራለን፣ ከፍጡሩ ጋር እንደራደራለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ወንድሜን የወሰዱት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የአሬሮው ልጅ ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሄዷል። እናቴ ወንድሜን ጨው ግዛ ብላ ላከችው። ገበያው ዳር ዳሩን ተከቦ ኖሮ፣ ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ የታፈሱት ልጆች መኪና ላይ ወጥተው ነበር። ከእናቴ ጋር ሮጠን ደረስን። ከልጆቹ መሃል ቆሞ አየነው፤ ጨው የያዘውን ፌስታል በሰው እጅ ወደ እናቴ አቀበላት።

«አትምጪ፣ እማዬ፣ ፀሐይ ነው» አላት። ከዚያ እኔን አየኝና፣ «ጠጠሮቹን ከትንሿ አርቂ፣ ትውጣቸዋለች» አለኝ። መኪናው በክብረ መንግሥት መንገድ ሄደ።

የአሬሮው ልጅ ሲመለስ ከበራፍ ላይ «አካም፣ ናጋ?» እያለ ነበር የገባው። «ናጋ፣ ሰላም ነው» የሚለው አላገኘም። አባቴ ከዚያ ወዲያ ገበያ እንዳይወጣ ከለከለው።

የወንድሜ ወሬ ለትንሽ ጊዜ መጣ፤ ኋላ ቀረ። ጨዋታውን እንደገና የጀመርነው እህቴ ስላስቸገረችን ነው፤ ምሪው ብለው በወንድሜ ወንበር አስቀመጡኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከእሷው ነበር።

«እኔ ሐኪም መሆን ሰለቸኝ። ወታደር ልሁን።»

«ወታደር አይቻልም። ታውቂያለሽ።»

«ጋሼ እኮ ወታደር ሆኗል!»

«ቢሆንም አይቻልም።»

«ወታደር መጥፎ ሰው ነው ማለት ነው? ጋሼ መጥፎ ሰው ሆነ?»

ክልከላው የእሱ ነው፤ ብፈታው እሱን የካድኩት መሰለኝ፤ ባልፈታውም ልጅቷ በገዛ ወንድሟ ታፍራለች። የአሬሮው ልጅ አዳነኝ።

«ለኪ፣ በፍጹም፣ መጥፎ አይደለም» አላት በእርጋታ። «ወታደር ትሆኛለሽ። ግን ወደ ጦር የሚሄድ አይደለም። ወደ ቤቱ የሚመለስ።»

እንዲህ ሆኖ የእህቴ ወታደር ጉዞ ጀመረ። መሣሪያ የለውም፤ መዋጋትም አይችልም። የሚችለው መሄድ፣ ውኃ መለመንና መንገድ መጠየቅ ብቻ ነው። እኛ ሁለታችን በየመንገዱ የሚያገኛቸው ሰዎች ሆንን። ከሰሜን ተነስቶ ተራራውን ወረደ፤ ወንዝ ሞልቶ አዘገየው፤ ሻሸመኔ ላይ ታመመና አንዲት ሴት አስታመመችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«ዛሬስ የት ደረሰ?» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት እየከተፈችም፣ ልብስ እያሰጣችም ትጠይቀኛለች። «ክብረ መንግሥት ገባ?» «ወደራ ከተማ ዘመድ አለን፣ እዚያ ይደር፤ አታስርቡት።» ጎረቤት ሲያለቅስ ሰምታ እንኳ የማታለቅሰው ሴት፣ የእህቴ ጠጠር ዝቅተኛ ቁጥር ሲያወጣ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች።

እኔ ጉዞውን ማርዘም ጀመርኩ። ወንድሜ በእርግጥ ሳይመጣ ወታደሩን በጨዋታ ቤት ማስገባት መጥፎ ምልክት መሰለኝ፤ መግደሉ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ድልድይ አፈረስኩበት፣ መኪና አበላሸሁበት፣ እግሩን አሳበጥኩት። ወደራ ላይ ግን መንገዱ አለቀብኝ፤ ከወደራ ነጌሌ ቅርብ ነው። አባቴ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ቁስል እየነካኩት አይድንም። ይብቃችሁ» አለኝ። ጠጠሮቹን ሰብስቤ አስቀመጥኩ። እናቴም አልጠየቀችም።

መንግሥት ሲወድቅ በከተማችን የተበተነ ወታደር በቡድን በቡድን ወደ ሞያሌ አለፈ። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ለሁሉም ውኃ ታጠጣ ነበር፤ የእያንዳንዱን ፊት እያየች። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጸሎት ቤታችን ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ፣ ማለዳ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው ተከታትለው ገቡ። ከወንድሜ ጋር የታፈሰ ልጅ ክብረ መንግሥት ገብቶ ነገሩን ነግሯቸዋል። ወንድሜ የሞተው በሄደ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የእህቴ ወታደር ጉዞውን ሲጀምር እሱ አፈር ለብሷል ማለት ነው።

ቤቱ በመዝሙርና በለቅሶ ተሞላ። የአሬሮው ልጅ መሬት ላይ ተደፍቶ በኦሮምኛ አለቀሰ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ያንን ፈራ። «ጌታ ያጽናሽ» ሲሏት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ይኸው ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ያንን ልጅ ወደራ ላይ ተዋችሁት» አለች። «አስገቢልኝ።»

አባቴን አየሁት። መጽሐፍ ቅዱሱን ከጭኑ ላይ አንስቶ አስቀመጠና ወንበሩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። የአሬሮው ልጅ መጣ፤ እህቴም መጣች። እናቴ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ጠጠር የወረወረ የለም። እኔ ከወደራ በጠዋት እንደተነሳ፣ ግራሩን አልፎ የከተማውን ቆርቆሮ ከሩቅ እንዳየ፣ በክሊኒኩ በኩል እንደመጣ፣ የግቢውን በር እንደገፋ ተናገርኩ።

«ገባ» አልኩ።

እናቴ በሩን እያየች፣ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

የመለሰላት አባቴ ነው።

«‹እማዬ፣ ደክሞኛል› አለ» አላት።

ያኔ አለቀሰች። አባቴ ተነስቶ ትከሻዋን ያዘ፤ እስኪወጣላት ድረስ አልለቀቃትም፤ እኛም አልተነሳንም።