በመለኪያው ጉድጓድ ላይ ያበቀልኩት ብቅል

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በደሃና ደጋ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ነው። ወሬ ማውራት የምወድ ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼ «አልጋነሽ ከጀመረች ፀሐይም ቆማ ታዳምጣለች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይህችን አንዷን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፋት ምላሴን ስላቃታት ነው።

ያኔ ከምኖርበት ቤት አጥር ጀርባ ድንጋያማ ቁልቁለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከድንጋዮቹ መሃል ስስ እንፋሎት ይወጣል፤ ፍየሎች ለሙቀቱ ብለው እዚያ ይተኛሉ። አንድ ቀን አንድ ኢንጂነር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና መጣና ቦታውን ያጠና ጀመር። ምግባቸውን የማበስለው እኔ ነበርኩ።

«የሲኦልን ክዳን ሊከፍቱብን ነው!» አለች አንዷ ጎረቤቴ፤ ሳቅን።

ኢንጂነሩ ሳይቆጣ አስረዳን። ከመሬቱ በታች የጋለ ውሃ ካለ በጥልቅ ተቆፍሮ እንፋሎቱ ይወጣል፤ እንፋሎቱ መዘውር ያዞራል፤ ከዚያ መብራት ይገኛል። «እንጨት አይማገድበት፣ ጭስ የለው» አለን። በዚያን ጊዜ ጤና ኬላችን እንኳ በኩራዝ ነበር የምታዋልደው። ያቺ ሲኦል ያለችው ጎረቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «መቼ ነው የሚበራልን?» እያለች መኪናውን ትከተል ነበር።

ሰባት ጠባብ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በየጉድጓዱ የሙቀት መለኪያ አስገብተው አፉን በቆርቆሮ ከደኑና በጭቃ መረጉት። ከሁሉም የሞቀው ለአጥሬ የቀረበው ነበር። «ተስፋችን ይሄ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ሳምንት ሳይነካ ይቆይና ሙቀቱን እናያለን። መቆፈሪያ ማሽን ይምጣ አይምጣ የምንለው ከዚያ በኋላ ነው።»

ዘበኛ አድርገው የቀጠሩት አያ ገብሬን ነው። አያ ገብሬ ጎረቤቴ ናቸው፤ በድርቁ በሬዎቻቸው ያለቁባቸው፣ ሚስታቸውም የሞተችባቸው ሰው። ካኪ ካፖርትና ፊሽካ ሰጧቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ቡሉኮ ውርጩን የቻሉ ሰው፣ ካፖርቱን ለብሰው ብቅ ሲሉ «ጄኔራሉ መጡ!» እንላቸዋለን። እሳቸውም ፊሽካቸውን ነፍተው መንገድ ያስለቅቁናል።

ኢንጂነሩና ባልደረቦቹ ወደ ሰቆጣ በሄዱ በማግሥቱ አያ ገብሬ መርዶ መጣባቸው። እዚያው በእኛ አገር፣ ዝቋላ ወረዳ ያለው ወንድማቸው ሞቶ ነበር። መንገዱ በእግር ነው፤ ሩቅ ነው። ቤቴ መጡና፣ «አልጋዬ፣ አልቅሼ እስክመለስ ዓይንሽን ከዚያ አትንቀይ። ላንቺ ብቻ ነው ትቼ የምሄደው፤ አደራ» አሉኝ።

«ይሂዱ፤ ወፍም አታርፍበት» አልኳቸው።

ወፍ አላረፈችበትም። ያረፍኩበት እኔ ነኝ።

የማርያም ማኅበር ተራዬ እየደረሰ ነበር። ለጠላው ብቅል ገብስ ዘፍዝፌ፣ በቅጠል ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ከጫንኩበት አራት ቀን አልፎታል። ፈትቼ ባየው በብርዱ ደርቆ ተኝቷል፤ አንዲት እንኳ አልጎነቆለችም። ሌላ ገብስ አልነበረኝም። ማኅበርተኛውን ያለ ጠላ ላስቀምጥ ነው? ዓይኔ ወደ አጥሩ ጀርባ ሄደ። «መሬቱ እንዲህ እየሞቀ፣ ለሦስት ቀን ብዋሰው ምን ይጎድልበታል?» አልኩ ለራሴ።

ጭቃውን ፈነቀልኩ፤ ቆርቆሮውን አነሳሁ፤ የገብሱን ጆንያ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደምኩት። ብቅል ውሃ ይፈልጋል፤ ጠዋትና ማታ አርከፈከፍኩለት። ውሃው ወዴት እንደሚንጠባጠብ አላሰብኩም። በሦስተኛው ቀን ብቅሉ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ ጠበቀኝ። ደስታዬን ብታዩ! ክዳኑን መልሼ በጭቃ መረግኩት፤ እንደ ነበረው አስመስዬ በእጄ አለሰለስኩት።

አያ ገብሬ ተመለሱ። ኢንጂነሩም በማግሥቱ ደረሰ። መለኪያውን ከጉድጓዱ አወጣና አየው፤ በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አየው።

«ቀዝቅዟል» አለ። «ውሃ ገብቶበታል። ማነው የነካው?»

አያ ገብሬ ተንበርክከው ጣታቸውን ወደ ጉድጓዱ አፍ ሰደዱ። ከጭቃው ውስጥ አንዲት የበቀለች ገብስ አወጡ። አየኋት። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ጨበጡ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እረኞች ይሆናሉ» የሚል ነው።

«እረኛ አይደለም» አሉ አያ ገብሬ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላስፈቅድ ለቅሶ ሄጄ ነበር።»

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የሳምንት ልፋቱ ዓይኑ እያየ ሲፈስ ማን አይቆጣም? በቃ፣ ከሥራው አሰናበታቸው። አያ ገብሬ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ። አጣጥፈው መኪናው ላይ አኖሩት፤ ፊሽካውን ከላዩ አስቀመጡ። እኔ እዚያው ቆሜ አያለሁ። መኪናው ተነሳ።

ሰዎቹ ደግመው ለመለካት አልተመለሱም። መብራቱ የቀረብን በእኔ ብቅል ይሁን፣ ሌሎቹም ጉድጓዶች የተፈለገውን ያህል ስላልሞቁ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አለማወቄም አላሳረፈኝም።

ማኅበሩ ደረሰ። ጠላው ግሩም ወጣ። ሴቶቹ እየቀመሱ «በዚህ ውርጭ ብቅሉ እንዴት እሺ አለሽ?» ይሉኛል። ወሬ የማይቸግረኝ ሴት ዋንጫቸውን እየሞላሁ አልፋለሁ። አያ ገብሬ ያንኑ ቡሉኳቸውን ተከናንበው ጥግ ተቀምጠዋል። ዋንጫቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉና፣

«እጇ ሙቅ ነው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ጠላ ልቀዳ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ጋኑን ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዓመታት በኋላ ኑሮዬን ወደ ሰቆጣ አዛወርኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል አያ ገብሬን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ «አያ ገብሬ፣ ያኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «እኔም ብርድ ሲመጣ ብቻ ነው ካፖርቱ ትዝ የሚለኝ።»

ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ተዋርጄ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ጥጥ መፍተል ጀመርኩ፤ ጋቢ አሠራሁና በሰው ላክሁላቸው። ተቀበሉ። የላክሁት ሰው ሲመለስ በትንሽ ከረጢት ገብስ ይዞ መጣ። «ለብቅል ይሁናት ብለዋል» አለኝ።

ዛሬ ቤቴ መብራት አለው። ማብሪያውን በነካሁ ቁጥር ያቺ የጨበጧት ገብስ ትመጣብኛለች። አያ ገብሬ ሁሉን ያውቃሉ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰሙም። ፊደል አልቆጠሩምና፣ ይህ ጽሑፍ እዚያ መንደር ከደረሰ እባካችሁ አንብቡላቸው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ከረጢቱ ጓዳዬ ውስጥ እንደተቋጠረ ነው። እስካሁን አልዘፈዘፍኩትም።