ዘር ለቃሚው አጎቴ

አጎቴ የስንዴ ዘራቸውን የሚለቅሙት ራሳቸው ነበሩ። ገሳይ በምትባለው መንደራችን፣ ደጃፋቸው መደብ ላይ ሰፌድ ይዘው ሲቀመጡ አላፊ አግዳሚው፣ «ምነው፣ ቤትዎ ሴት ጠፋ?» እያለ ያሾፍባቸዋል።

«ሴቶቹማ እንክርዳድ ያሳልፋሉ!» ይላሉ።

«ውሸትዎን ነው!» ይላሉ ባለቤታቸው ከውስጥ።

ልጄ በካንሰር ታማ ለሕክምና ውጭ አገር ይዣት ሄጄ ሳለሁ አጎቴ ደወሉልኝ። ደም የሚሠሩ ሴሎቿን ወስደው እንደሚያስቀምጡ፣ ከከባዱ መድኃኒት በኋላም መልሰው እንደሚሰጧት ነገርኋቸው። የፈራሁት በመካከላቸው የካንሰር ሴል ተደብቆ አብሮ እንዳይመለስ ነበር።

«ለቅመውታል?» አሉኝ።

«መርምረው አላገኙም። ሐኪሟ ግን አንድም የለም ብዬ አልምልም አሉኝ።»

«ደግ ሰው ናቸው። እኔስ በዘሬ መቼ ምዬ አውቃለሁ? ለቅሜ እዘራለሁ፤ ሲበቅል ደግሞ ወርጄ አርማለሁ። አንተም ሕክምናውን አስጀምራት፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮዋን እንዳታስቀር!»

ትምህርት ቤት ባልገባም ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ፤ እንደዚያ ቀኑ የአጎቴ ንግግር ያረጋጋኝ ቃል ግን አላገኘሁም። ልጆቼ ሆይ፣ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር በግልጽ የሚነግራችሁን ሰው አክብሩ።

አገራችን ከተመለስን በኋላም ልጄ እስካሁን ደህና ናት፤ አንድም ቀጠሮ አላስቀረንም። አጎቴ ግን ዘንድሮ ዘር ሳይደርስ አረፉ። መደቡን ባዶ ሆኖ ማየት አላስቻለኝምና ሰፌዳቸውን ይዤ ተቀመጥሁበት። ልጄ መጥታ በትከሻዬ በኩል አሻግራ ሰፌዱን አየች።

«አባባ፣ እንክርዳዱ እንዳለ አይደል? ለቀምሁት የሚሉት ይህንን ነው?»

ሰፌዱን ነጠቀችኝ። እኔም ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅሁላት።