ለአንድ ሰዓት ስምንት ጉዳይ

በ2010 ዓ.ም. ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሚስቴ ዘሀራ ስድስት ዓመት ቀድማኝ ወጥታ፣ ስዊዝ አገር የመኖሪያ ወረቀት አግኝታ ነው የጠራችኝ። የምሄድ ለት እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ጎህ ሳይቀድ ቆቦ መናኸሪያ ደረስኩ። ዱላዬን በመስኮት ወርውሬ ወንበር ያዝኩ። አውቶቡሱ የተነሳው ግን ሲሞላ ነው፤ ሞልቶም አንድ የጎብዬ ሰው ሽንት ሊሸና ሄዶ ቢዘገይ ሁላችንም ጠበቅነው። ሰው ተጥሎ ይኬዳል እንዴ?

እዚህ ይኬዳል። እናንተ ቆቦ ያላችሁ አታምኑኝም፤ የዘሀራ አውቶቡስ ለአንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ይመጣል። ስምንት ካሉ ስምንት ነው። እሷ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምትሠራ። ይማም የሚባል የዋጃ ሰው ደግሞ አለ፣ ከኔ የሚያንስ፣ ጢሙን የሚላጭ፤ ሁልጊዜ ቀድሞ ይገባና ጎኑ ያለውን ወንበር በቦርሳው ይይዝላታል።

"ምንሽ ነው እሱ?" አልኳት።

"ያገር ሰው ነዋ! አንቱ ቆቦ ማሽላ ላይ ወፍ ሲጠብቁ፣ እኔን መንገድ ያሳየኝ ማን መሰለዎ?"

ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። ስድስት ዓመት ከጎኗ የተቀመጠ እሱ፤ እኔ ባሏ የት ልቀመጥ?

የኔ ሥራ ልብስ አጠባ ነው፣ በሌላ አቅጣጫ፣ ከቤቴ አሥር ደቂቃ። ግን ከነሱ ጋር ልሳፈር አልኩ። ፊደል ባይዘልቀኝ ቁጥር አውቃለሁ፤ መንገዱን ካርቶን ላይ ጻፍኩት። ከበር እስከ ፌርማታ ሦስት መቶ አሥር እርምጃ። በሷ አውቶቡስ እስከ ሆስፒታል። ከዚያ በአራት ደቂቃ ትራም፣ ከዚያ ባቡር ወደ ኋላ፣ ሥራዬ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ተርፎኝ። አሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። አንድም ቀን አልሳትኩ። ከኋላቸው ቆሜ ማጅራታቸውን እያየሁ እሄዳለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ።

አንድ ቀን በረዶ ጣለና ይማም ቀረ። ዘሀራ ጎን ወንበሩ ባዶ! ልቀመጥ ጎንበስ ስል በመስኮት አየሁት፤ እየተንሸራተተ ይሮጣል። በሩ ሊዘጋ ነው። ወላሂ፣ እዚያው ይቅር ብዬ ነበር። እጄ ግን ልማዱን አልተወም፤ ሄጄ ዱላዬን በሩ መሃል ሰካሁ።

"ሰው አለ! ቁም!" አልኩ ባማርኛ።

ሾፌሩ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣብኝ። ይማም እያለከለከ ገባ። አላህ ይስጥልኝ የለ፤

"አያ እንድሪስ፣ እዚህ አገር አውቶቡስ አይያዝም! ሾፌሩ የሰው ሰዓት ሰረቅክ ነው የሚልዎ።"

"ላንተ ብዬ ነው እኮ!"

"ሌላው ባሥር ደቂቃ ይመጣ የለም?"

ዘሀራ አቀርቅራ፣ "እውነቱን ነው፣ አሳፈሩን" አለች።

ከሾፌሩ ተላቅቄ ዞር ብል ይማም ወንበሬ ላይ ተቀምጧል።

ትራሙ አመለጠኝ፣ ባቡሩም። አለቃዬ ሰዓቱን ጠቆመችኝ። በስብርባሪ ቋንቋዬ አንድ ሰው እየሮጠ እንደነበር ነገርኳት።

"ዘመድህ ነው?" አለች።

"ጠላቴ ነው" አልኳት።

በማግስቱ ሱብሂን ሰግጄ ወጣሁ። ሦስት ፌርማታ ወደ ላይ በእግሬ ሄድኩ፣ አውቶቡሱ እስከሚነሳበት ድረስ። ቀድሜ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩና ዱላዬን ጎኔ ወንበር ላይ አጋደምኩት፣ ሰው አለው ለማለት፣ እንደ ቆቦ መናኸሪያ። አንዲት አሮጊት መጥታ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩባት። ለአንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው በኛ ፌርማታ በሩ ተከፈተ። ይማም ፊት፣ ዘሀራ ኋላ ገቡ። ለዘሀራ ዱላዬን ከወንበሩ አነሳሁላት።