ክረምት ያለፈበት ሥራ

አባባ የምላቸው አያቴ፣ አላህ ይርሀማቸው፣ መኪና የተሰረጎደ ብረት ለሚያቃና ባትላሜራ ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ «ክረምት ያለፈበት ሥራህን አሳየኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ጎባ መንገድ ላይ ጋሪ የፒካፓቸውን በር ገጭቶ ሰረጎደው። ሮቤ ውስጥ መጀመሪያ የገባንበት ጋራዥ ዋጋውን በጣም ዝቅ አደረገልን። «ሐጂ፣ ዛሬውኑ አስረክብዎታለሁ» ብሎ ገና ቀለም የተቀባ የሚያብለጨልጭ መኪና አሳየን።

«ይሄማ የባሌን ዝናብ መች አየ» አሉና ወጡ። እኔ በሆዴ ተነጫነጭኩ።

ሁለተኛው ባትላሜራ ውድ ነበር። ግን ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የጠገነው የጭነት መኪና ከገሰራ እህል ይዞ መጥቶ ገበያ ቆሞ ነበር። አያቴ ሄደው የተጠገነውን በር በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ስርጉዱን የሚሞሉበት ስቱኮ በብዛት የተለጠፈበት በር ድምፁ ይታፈናል፤ ይሄኛው ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ብረት ነው። ለዚህ እንሰጣለን» አሉኝ።

ካረፉ በኋላ የዚያችው ፒካፕ ፓራፋንጎ፣ የጎማው መከለያ፣ ተጎዳና እዚያው ሰው ጋ ወሰድኳት። ሠርቶ ሲጨርስ በጣቴ አንኳኳሁ። ጥርት ብሎ ጮኸ። «እንዴት ነው አባባ?» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ።

ባትላሜራውም አያቴ መኪና ሲረከቡ ይቆሙበት የነበረውን ቦታ እያየ ነበር።