በዳዊት ዜማ ያነበብኩት የፍቅር መጽሐፍ

ጣልያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽጉን ከቆፈረ በኋላ፣ የሰፈራችን ሴቶች እኛ ግቢ ከካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ መፍተል ጀመሩ። በዓል ካልሆነ በቀር አይቀሩም። አምስት ስድስት ሴቶች፣ አንዲት ጎረቤታችን መነኩሲት፣ አክስቴና እኔ ነን። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ፈትል እጄ አልገባ ብሎ ክሩን ስለምበጣጥሰው፣ «አንች ጥጡን አታበላሽብን፣ ይልቅ አንብቢልን» አሉኝ።

ማንበብ ያስተማረኝ የአክስቴ ባል ነው። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወስዳ አሳደገችኝ፤ ባሏ ደብተራ ነበርና፣ ልጅ ስላልነበራቸው እኔን እንደ ወንድ ልጅ ቁጭ አድርጎ ዳዊት አስደገመኝ። ጦርነቱ ሲጀመር ዘመተ። መሞቱን ያየ ሰው መጥቶ ነገረን፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለአክስቴና ለእኔ ብቻ ቀረ።

መጽሐፉን ያመጣችው አክስቴ ናት። ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ወዳጅ ነበረቻት፤ እሷ ነች የሰጠቻት። ከጦርነቱ በፊት የታተመ፣ ሽፋኑ የወለቀ የፍቅር ታሪክ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ መበለት የሟች ባሏን የኪስ ሰዓት ይዛ ወደ ሰዓት ሠሪ ትሄዳለች። ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን ጠግኖት ሳለ፣ ደግሞ እንድትመጣለት ሲል «ነገ ነይ» ይላታል። በማግሥቱ መጥታ ትሰድበዋለች፤ ስድቧ እንዴት ያለ ስድብ መሰላችሁ! በሳቅ ከገደለችን በኋላ ደግሞ ቤቷ ገብታ ለሟቹ ራት ስታቀርብ ሁላችንም በነጠላችን ጫፍ ዓይናችንን እንጠርጋለን።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዳዊት በቀር መጽሐፍ አንብቤ ስለማላውቅ፣ ማንበብ ማለት በዜማ ማንበብ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ «አንተ ቀጣፊ ሰዓት ሠሪ!» የሚለውን ድምፄን ጎትቼ ዳዊት በሚነበብበት በውርድ ንባብ ዜማ አዜምኩት። ሴቶቹ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ምዕራፉ ሲያልቅ መነኩሲቷ መጽሐፉን ተቀብለው ተሳለሙት።

«ልጄ፣ የዚችን መበለት ስመ ክርስትና ንገሪኝ፤ በጸሎቴ ላስባት» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው።»

«ዝም በይ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ያልሆነውን ነገር ማን ይጽፋል?»

ሌሎቹም ከእሳቸው ጋር ሆኑብኝ። እኔም ዜማውን ለመተው አፈርኩና በዚያው ቀጠልኩ፤ ደግነቱ በኋላ ጠቀመን። ጣልያን ሰው ሲሰበሰብ አይወድም ነበርና አንድ ቀን አስካሪ የሚሉት ለጣልያን ያደረ ሐበሻ ወታደር ጠመንጃውን አንግቶ ግቢያችን ገባ። እኔ ደግሞ ከድንጋጤዬ የተነሣ ማቆም አቃተኝ። ሰዓት ሠሪው «ዓይንሽ እንቅልፍ ነሳኝ» የሚልበት ላይ ነበርኩ፤ አስረዝሜ አዜምኩለት። አስካሪው ቆቡን አውልቆ አማተበና ወጣ። እርምጃው እስኪርቅ ድረስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ቆዩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው አክስቴን ይፈልጋት ጀመር። ከወንዛዬ በኩል የሚመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው። በየገበያው ቀን ገብሱን ሸጦ ሲያበቃ እኛ ቤት ጎራ ይልና ክር ይገዛል። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ይገዛል።

«ሰውዬው ለበሬዎቹም ጋቢ ሊያሠራ ነው እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። አሳሳቋ ግን ደስ አላለኝም።

ደስ ያላለኝም ወድጄ አይደለም። ሰውዬው ሦስት ልጆች አሉት፤ እኔን የምታህል ልጅ አስከትሎ እዚያ ቤት መግባት ወግ አይደለም። እሷ ካገባች የእኔ መግቢያ አጎቴ ቤት ነው፤ የአጎቴ ሚስት ደግሞ የሰው ሳቅ የሚያማት ሴት ናት። እናቴን አንድ ጊዜ አጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ማጣት አልፈለግሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ተሰማ። ሴቶቹ ምን ልትመልሺ ነው ቢሏት፣ አክስቴ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ፣ «መጽሐፉ ውስጥ ያለችው መበለት ያደረገችውን አደርጋለሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የተጻፈ አይዋሽም ከሚሉት አንዷ እሷ መሆኗን አውቃለሁ።

ዳዊት የዕለቱን እንጂ የነገውን አይደግሙትምና እስከዚያ ቀን ድረስ ወደፊት ገልጬ አላውቅም ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አላስቻለኝም፤ ጓዳ ገብቼ መጨረሻውን ፈለግሁ። መጨረሻ የለውም። መበለቲቱ ሰዓት ሠሪው በር ላይ ቆማለች፤ «ላግባሽ» ብሏታል፤ «እርሷም አፏን ከፈተችና» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቅጠል ተገንጥሏል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መልሱ እጄ ገባ። «እኔ የባሌን ሰዓት እንጂ ሌላ ባል ፍለጋ አልመጣሁም» ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አለቀ። ቃል በቃል አጠናሁት።

ዓርብ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። እያዜምኩ «እርሷም አፏን ከፈተችና» የሚለው ላይ ደረስኩና ቀና አልኩ። የአክስቴ እንዝርት ቆሟል። የባሏ መርዶ የመጣ ዕለት እንኳ ስትፈትል ያየኋት ሴት፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ትጠብቀኛለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር፤ የምን ፍርሃት እንደሆነ ለመለየት ሊቅ መሆን አያሻም። ያጠናሁትን ተውኩት።

ቅጠሉ የተገነጠለበትን ቦታ እያየሁ አዜምኩ፦ «እንዲህ አለችው፤ አንተ ቀጣፊ፣ ይህን ቃል ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብህን? በል ወንበር አምጣልኝ፤ ከእንግዲህ ነገ ነይ ብትለኝ አልመጣም፤ እዚሁ ነኝ።»

እልልታው ምሽጉ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እማሆይ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ተሳለሙት። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አክስቴም እሺ አለች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሊወስዷት መጡ። በቅሎው ተጭኖ ሲያበቃ አክስቴ ጓዳ ጠራችኝ።

«መጨረሻውን አሳምረሽዋል» አለችኝ።

«የምኑን መጨረሻ?»

«የኋላውን ቅጠል ያች ቅመም ሻጯ ወዳጄ በርበሬ ጠቅልላ ሸጣበታለች እኮ። መጽሐፉን ስትሰጠኝ ነግራኛለች።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን መበለቲቱ ያደረገችውን አደርጋለሁ አልሽ?»

«አንችን ብጠይቅሽ ለይሉኝታ እሺ ትይኝ ነበራ። የልብሽን መስማት ፈለግሁ።» ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። «እምቢ አለችው ብለሽ ብታነቢ ኖሮ፣ ልጄ፣ እቀርልሽ ነበር።»