የአውሮፕላኗ ወጌሻ

መርሳ ላይ «የሁሪያ ሰይፈዲን ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ይንገላታል። «የአውሮፕላኗ ወጌሻ» ካለ ግን ያገኘው ባጃጅ ሁሉ እናቷ በር ላይ ያወርደዋል። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ወልድያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት መሆኗን ያውቃሉ፤ ያልገባቸው ሻንጣዋን ይዛ ካምፓላና ዛንዚባር የምትመላለስበት ምክንያት ነበር። «ለባለሙያዎች በእጅ ማከምን አስተምራለሁ» ብትላቸው ሳቁባት።

«ማሸት ለማስተማር ነው ባየር የሚኬደው? እዚያ አገር እጅ የለም እንዴ?» አላት ሙዝ ነጋዴው አብዱልሐሊም። ስሙ በዚያው ጸደቀ፤ እሷም ስትስቅ ስለታየች ማንም ሊተወው አልሞከረም።

እጅማ በየአገሩ አለ። የሚያዳምጥ እጅ ነው የማይገኘው፤ ሁሪያ ደግሞ የምታስተምረው እሱን ነበር። ዲግሪዋን ከጎንደር ይዛ፣ ከያገሩ ባለሙያዎች የሚሰበሰቡበት ሥልጠና ውስጥ እንደ ማንኛውም ተማሪ ነበር የገባችው። አሠልጣኞቹ የእጇን ነገር አይተው መጀመሪያ ረዳታቸው፣ ቆየት ብሎም ባልደረባቸው አደረጓት። አሠራሯ ቀላል ነው። ሠልጣኙ እጁን በታካሚው አንገት ወይም ወገብ ላይ ያሳርፋል፤ እሷ ደግሞ እጇን ከእጁ በላይ ታሳርፋለች። «አትቸኩል፤ መጀመሪያ እጅህ ሰላምታ ይስጥ» ትለዋለች። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቷ ጣቱን ገፋ፣ መለስ እያደረገች የትኛው መገጣጠሚያ እንደተያዘና የትኛው እንደላላ ታሳየዋለች። ስንቱ ኬንያዊ፣ ስንቱ ታንዛኒያዊ በዚያች አውራ ጣት ሥር አልፎ ባለሙያ ሆኗል።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲበተን ሁሪያም ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ከሲሪንቃ ወዲህ ያለውን ሰው በታጨቀበት አይሱዙ ተሳፍራ እናቷ ዘንድ ገባች። መርሳም መሸሸጊያ አልሆነቻትም። አንድ ቀን ከሰዓት የከባድ መሣሪያ ጥይት ጎረቤት ግቢ ላይ ወደቀና የእነሱ የድንጋይ አጥር ሁሪያ ላይ ተናደባት። እናቷ ወይዘሮ ዙልፋ ድንጋዩን በእጇ እያነሳች፣ ልጇን እየጎተተች አወጣቻት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ክፉኛ ተጨፍልቆ ነበር።

ራጅ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ መንገዱ ዝግ። እጇን ራሷ በእንጨትና በጨርቅ አሰረችው። ሲጠገን አውራ ጣቷ ተጣሞ ቀረ፤ ከመጣመሙ የከፋው ግን መደንዘዙ ነበር። በሌላው እጇ ስትቆነጥጠው የሌላ ሰው ጣት የቆነጠጠች ይመስላታል።

እንደዚያም ሆና አልተቀመጠችም። በነዚያ ወራት መርሳ ውስጥ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ገብታለች። ሽማግሌውን «አባባ፣ እስቲ ክንድዎን ለእኔ ይተዉት» እያለች በግራ እጇ ታንቀሳቅሳለች፤ ሚስትና ልጅ የታማሚው ሰውነት እንዳይቆስል እንዴት እንደሚያገላብጡት ታሳያለች። አብዱልሐሊም ራሱ ወንድሙን ይዞ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆሟል፤ ያን ለት ስለ አውሮፕላን አላነሳም።

ታኅሣሥ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ ወደ ወልድያ ተመለሰች። የሥራ ክፍሏ ውስጥ ከዝርፊያ የቀረ ነገር ቢኖር ግድግዳው ነው። የሥራ ባልደረባዋ አማረ ሰሌን አንጥፎ ጠበቃት፤ ሁለቱም ተንበርክከው ማከም ጀመሩ። ስልክ እንደተከፈተም የሥልጠናው አስተባባሪ፣ አኬሎ የምትባል ኡጋንዳዊት፣ ደወለች። «ተጎድታለች ሲሉ ሰማን። እንዴት ነሽ?» አለቻት።

«ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ መለሰች ሁሪያ በእንግሊዝኛ።

ቋንቋው የውጭ ይሁን እንጂ መልሱ የአገሯ የሀብሩ ነበር። እኛ ዘንድ ቤቱ የፈረሰበትም ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላል። ጠያቂውም በዚህ አይመለስም፤ ደግሞ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው እየዞረ ይጠይቃል፣ እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አኬሎ ይህን ከየት ታውቀው? አንዴ ጠይቃ አመነች። ለግንቦቱ ሥልጠና ሁሪያን ዋና አሠልጣኝ አድርጋ መደበቻት፤ ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገውን የአንገት ትምህርት ሳይቀር ለእሷ ሰጠቻት።

አማረ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ደውለሽ ንገሪያት እንጂ!»

«ምን ብዬ? የማስተምርበት እጅ የለኝም ብዬ? ከዚያ በኋላ ማን ይጠራኛል?»

«አንገት ነው እኮ ሁሪያ። ሰው ብትጎጂስ?»

እንዲያም ሆኖ አልደወለችም። ግትር ናት፤ ይህን ለማለባበስ አልሞክርም። ያ ሥራ ከእጇ ከወጣ ከጦርነቱ የተረፈ ምንም የሌላት መስሎ ነበር የታያት። ኮምቦልቻ ወርዳ በአዲስ አበባ በኩል ካምፓላ ገባች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በብልጠት አለፈቻቸው። ስታሳይ በግራዋ፣ ስትጽፍ በግራዋ፤ ቀኟ ከነጭ ጋውኗ ኪስ አይወጣም። የአንገቱ ቀን ግን መጣ። አሚር የተባለ ሱዳናዊ ሠልጣኝ ለማሳያ አልጋው ላይ በሆዱ ተኛ፤ ሌሎቹ ከበቡ። ይህን ሥራ በአንድ እጅ ማሳየት አይቻልም። ሁሪያ ቀኝ እጇን አወጣች፣ አውራ ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች፣ ገፋችው። ምንም አልተሰማትም። ጨመር አደረገች።

«ደህና ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ መምህርት» አለ አሚር። ዓይኗ ግን እግሩ ላይ አረፈ፤ ጣቶቹ ተኮማትረዋል። እያመመው ነው፤ መምህርቱን አፍሮ ዝም ብሏል።

ሁሪያ እጇን እሳት እንደተኮሰው ሰው አነሳች። የአማረ ቁጣ ያን ጊዜ ነው የገባት። አሚርን በቀስታ አስነሳችው፣ አንገቱን በግራ እጇ ደጋግማ መረመረች፤ ጉዳት አልነበረም። ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ነገረቻቸው፤ አጥሩን፣ ድንጋዩን፣ ደንዝዞ የቀረውን ጣት፣ ለአኬሎ የሰጠችውን መልስ። «ይህን ደብቄ እዚህ መቆም አልነበረብኝም» አለች። አኬሎ ከኋላ ቆማ ትሰማለች።

ሻንጣዬን ላዘጋጅ ብላ ወደ በሩ ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም። እሷ ግን አሚር የተነሳበት አልጋ ላይ ወጥታ ተኛች።

«ኑ፤ አንገት የምትማሩት በእኔ አንገት ነው» አለች።

አንድ በአንድ መጡ። ሁሪያ ፊቷን አልጋው ላይ ደፍታ፣ ከላይዋ ያለው እጅ የማን እንደሆነ ሳታይ ትናገራለች፦ «ቸኮልሽ። አሁንም ቸኮልሽ። እዚያው ቆይ፤ አዎ፣ አሁን ደረስክ። አንተ ፈርተሃል፣ ፍርሃትህ ጣትህ ላይ አለ፤ ተንፍስ።» የሁሉም እጅ ለየብቻው ገባት። ስንት ዓመት ከላይ ሆና ስታስተምር ከሥር ሆኖ ምን እንደሚሰማ ረስታው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥልጠናው እንዲያ ቀጠለ፤ ሠልጣኞቹም በየተራ እየተኙ እርስ በርስ እውነቱን መነጋገር ለመዱ። አኬሎ ሁለት ቀን አኮረፈቻት፤ በማኩረፏም ትክክል ነበረች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ፦ «የሚቀጥለውንም አንቺ ነሽ የምታስተምሪው። አሁን ግን እጅሽን አሳዪኝ፤ ሁሉንም ንገሪኝ» አለቻት።

ሁሪያ የዚያን ዕለት እናቷ ጋ ስትደውል ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ዙልፋ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው አውርታ ወደ ልማዷ ጥያቄ መጣች። «እጅሽስ እንዴት ነው ልጄ?»

«ያመኛል እማ። ጣቴ አይሰማኝም፤ የሚመለስም አይመስለኝም። ማስተማሩን ግን አልተውኩም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች ሁሪያ።

«እኔም ትከሻዬን ነው» አለች ወይዘሮ ዙልፋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀኙን። ያን ድንጋይ ካነሳሁ ወዲህ ከፍ አይልልኝም።»

«እማ! እስካሁን? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ እጅሽ ተጨፍልቆ እኔ ትከሻ ላውራ?»

ሁሪያ ስልኩን እንደያዘች ተቀመጠች። እናቷ ሻሿን በግራ እጇ ስትታገል፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ «አንቺ አውርጂልኝ» ስትላት፣ ዱዓ ሲደረግ አንዱ መዳፏ ዝቅ ሲል፣ ሁሉንም አይታለች። ስንቱን ቤት ለቤት ዞራ ስታክም አንድ ጣራ ሥር አብራት የምታድረውን ሴት አንድ ጊዜ ጠይቃ፣ አልሐምዱሊላህ ተብላ፣ አልፋለች።

መርሳ ስትደርስ ሻንጣዋ ገና ባጃጁ ላይ ነው። እናቷን በረንዳው ላይ አስቀመጠቻት፣ ከጀርባዋ ቆመች፣ ግራ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

«ያምሻል?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ወይዘሮ ዙልፋ።

«የት ላይ ነው እማ?»

እናቷ በደህናው እጇ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ክንዷ ሥር ዝቅ አደረገችው፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

«እዚህ ጋ ነው» አለቻት።