የዘጠኝ ሰዓቱ ውሃ

ሰርክአዲስን ሰው የሚያውቃት በሆቴል አንሶላ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ባለ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው፤ አንሶላ ስታራግፍ ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። አንድ እሁድ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስታልፍ ነፋስ የወጠረውን ሸራ አየችና፣ «ይኼማ የኔ ሥራ ነው!» አለች። ሰው ሳቀባት። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ሁለት በጋ ሙሉ፣ የእረፍት ቀኗን እየሠዋች የሸራ ጀልባ መንዳት ተማረች።

በፈረንጆቹ 2011 የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነበር። የተማረችበት የጀልባ ክለብ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሰው አሳፍራ ወንዙ ላይ ውላ፣ ማንም ሳይጎትታት በራሷ ሸራ ከተመለሰች የጀልባዋ ሰንሰለት ቁልፍ ይሰጣታል። ተጎትታ ከመጣች ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ደህና ሁኚ ነው።

ተሳፋሪዎቿ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ባሏ መርዕድ፣ ታክሲ ነጂው ነው። ሁለተኛው የመርዕድ ታላቅ ወንድም ጋሼ ልሳነወርቅ ሲሆኑ፣ በቅርብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የመጡት ሊዝናኑ ሳይሆን ሊታዘቡ ነው። ሰውነታቸው ከባድ ነው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ይብሳል።

«ሴት መኪና ነዳች፣ እሺ አልን። አሁን ደግሞ ውሃ ላይ?» እያሉ የላይፍ ጃኬታቸውን ደጋግመው አሠሩት።

ሰርክአዲስ ያደገችው ጣና ዳር ነው። የጣና ውሃ ካለበት አይሄድም፤ የፖቶማክ ውሃ ግን ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ሲጎድል ይጎድላል። የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ትንሽ ገባር ወንዝ አፍ ላይ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ባሏን፣ «ታይዱን ቼክ አድርግልኝ፣ መቼ ነው የሚሞላው?» ያለችው። ስልኩን አየና «ዘጠኝ ሰዓት» አላት። በቃ፣ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ውሃ እንገባለን ብላ ወሰነች።

ረፋዱ ላይ ሲነሱ ማሪናው ላይ የታሰሩት ጀልባዎች ሁሉ ውሃው አንስቷቸው ከፍ ብለው ቆመው ነበር። ዓይኗ አይቶታል፤ እሷ ግን ሰዓቱን አመነች።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ወንዙን የሚያቋርጠውን ትልቅ ድልድይ ከኋላቸው ትተው፣ ሸራው ሙሉ ነፋስ ይዞ፣ በሜሪላንድ በኩል እስካለው አሮጌ ምሽግ ወረዱ። ጀልባዋ ባጋደለች ቁጥር ጋሼ ገመድ ጨብጠው ማርያምን ይጠሩ ነበር። ሰርክአዲስ ደረቷ ተነፋ፣ ቢነፋም ያምርባታል።

ሲመለሱ፣ ማሪናው ፊት ለፊታቸው እየታየ፣ ጀልባዋ ቀጥ አለች። ጭቃ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አይደል እንዴ? ታዲያ ውሃው የታለ?»

መርዕድ ስልኩን አወጣ። «ናይን ኤኤም ነው የሚለው፣ የጠዋቱ። የአሜሪካ ዘጠኝ ነው እኮ ያልኩሽ!»

«እኔ የኛን ዘጠኝ ነዋ የመሰለኝ!»

እዚህ አገር በዚህ በስድስት ሰዓት ልዩነት የተነሳ ቀጠሮ ያላመለጠው አበሻ የለም፤ ሠርግ አምልጦናል፣ አውሮፕላን አምልጦናል። ውሃ ላይ ግን ስድስት ሰዓት ማለት በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ነው። ወንዙ የሞላው ጠዋት ነበር፤ አሁን የመጨረሻው ውሃ እየሸሸ ነው።

«ቶው ኮል ላድርግ? መጥተው ይጎትቱን?» አለ መርዕድ።

«ስልክህን ኪስህ ክተት!»

የተናደደችው በራሷ ነበር። ጠዋት ሙሉውን ውሃ ያየውን ዓይኗን አላመነችም። አሁን ግን በደንብ አየች። የተያዘው ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚወርደው ብረት ብቻ ነው፤ ጀልባዋ ካጋደለች ብረቱ ከጭቃው ይነሳል። ለማጋደል ደግሞ ክብደት ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ወደሚገፋን ጎን፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጡልኝ። እኔ ሳልልዎ እንዳይነሱ!»

ጋሼ ልሳነወርቅ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፊቷን አዩና ዘጉት። ሄደው ተቀመጡ። ጀልባዋ አጋደለች። ሰርክአዲስ የሸራውን ገመድ ያን ሁሉ እርጥብ አንሶላ ባነሳ ክንዷ ሳበችው፤ ሸራው ተወጠረ፣ ከሥር አንድ ነገር ፈቀቅ አለ፣ ጀልባዋም ወደ ጥልቁ ተንሸራተተች።

እዚያ መልሕቅ ጥለው ውሃውን ጠበቁ። የዚህን ጊዜ ሰዓት የጠየቀ የለም፤ ሰርክአዲስ የድልድዩን እግር ብቻ ታይ ነበር። ውሃው ሲሸሽ የተወው እርጥብ ምልክት ግማሹ በውሃ ሲሸፈን ሸራዋን ሰቀለች፤ ለማንኛውም ብላ ጋሼን እዚያው ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሪናው ገቡ። የክለቡ አስተማሪ ሁሉን በባይኖኩላር ሲያይ ውሎ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ጨበጠችው። እንደዚያ ቀን በራሷ ኮርታ አታውቅም፤ ዛሬም ስታወራው ድምፅዋ ከፍ ይላል።

መርዕድ ገመዱን አስሮ ሲዞር ወንድሙ የሉም። ጀልባዋ ውስጥ፣ እዚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ካፒቴን፣» አሉ ጋሼ ልሳነወርቅ፣ «አሁን መነሳት ይቻላል?»